ዋንዛ አደራ አይበላም

ልጅ ሳለሁ የእናቴ ወንድም ከነቀምቴ ወደ አርጆ፣ እኛ ቤት፣ በመጣ ቁጥር እኔና ታላቅ እህቴ ጫልቱ አጠገቡ ለመቀመጥ እንጣላ ነበር። ኤሱማ ነበር የምንለው፤ በኦሮምኛ አጎት ማለት ነው። ያኔ መብራት ስለሚጠፋ ፋኖስ ተለኩሶ፣ ፍሙ ላይ የተጠበሰውን በቆሎ እየፈለፈልን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን ያንኑ አንድ ተረት እናስደግመው ነበር።

በተረቱ አንዲት ልጅን ጅብ ያባርራታል። ሣር ውስጥ ብትደበቅ፣ ሣሩ ለረገጠው ሁሉ የሚተኛ ነውና ዱካዋን አሳየባት። ዋንዛው ግን ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጎ ተቀበላት፤ ጅቡ ቢለምነው ቢያስፈራራው ትንፍሽ አላለም። «ዋንዛ አደራ አይበላም» ይለናል ኤሱማ። ጫልቱ ዋንዛው እሱ ራሱ ይመስላት ነበር። እኔም እንደዚያው።

ጫልቱ ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ አባታችን ለአንድ የኑኑ ቁምባ ሰው ሊድራት ቃል ገባ። እሷ ደግሞ መማር ነበር የፈለገችው። አንድ ጠዋት እኔን አስከትላ በሚኒባስ ነቀምቴ ገባችና ኤሱማ እግር ላይ ወደቀች። አቅፎ አነሳት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል?» አላት።

በማግስቱ አባታችን የላካቸው ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ደጁ ላይ ቆሙ። በእኛ አገር ሣር ይዞ የመጣ ሽማግሌ ባዶውን አይመለስም። ኤሱማ ሣሩን አየ፤ እኛን ግን ቀና ብሎ አላየንም። ሣር ይዘው መጥተው እንዴት እምቢ ልበል እያለ ጫልቱን እጇን ይዞ አስረከባቸው። እሷ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ነቀምቴ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በሚያነቡት ልቦለድ ውስጥ ዛፉ የምን ምሳሌ ነው፣ ወንዙስ ብለው ሲጠይቁኝ ያ ዋንዛ ትዝ ይለኛል። ዛፍ በራሱ ምንም አይልም፤ ምናልባት ተራኪው የሚያለብሰው ለራሱ ያጣውን ድፍረት ይሆናል። ኤሱማን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ተረቱን ግን አሁንም እወደዋለሁ፤ በዚህም በራሴ እናደዳለሁ።

በቀደም ጫልቱን ያንን ተረት ለልጆቿ ትነግራቸው እንደሆነ ጠየቅኋት። እንደምትነግራቸው ነገረችኝ።

«ዋንዛው ጋ ስትደርስ ግን» አለችኝ፣ «ልጅቷ አትቆምም። አልፋው ትሮጣለች።»