የጣለኝ ፈረሱ አልነበረም

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ የተነሳሁት ልመሰክር ብቻ አይደለም፤ ከዚህ በፊት የመሰከርኩትንም ላርም ነው። አምና እዚችው አፍንጮ በር፣ እዚሁ ቤት ቆሜ «ጌታ ከፈረስ ፍርሃቴ ፈውሶኛል» አላልኳችሁም? እናንተም እልል ብላችሁልኝ ነበር። ከዚህ ወጥቼ ገና መንገዱን ሳልሻገር አንድ የጋሪ ፈረስ ኮቴውን እያንኳኳ መጣ። እኔ ከነሱፌ ቦይ ውስጥ ገባሁ! ያየኝ ሰው አልነበረም። ጌታ ግን አይቶኛል። ስሙ ይባረክ፣ አይቶ አልተወኝም!

ነገሩን ከሥሩ ላውራችሁ። አባቴ የሱሉልታ ሰው ናቸው፤ በፈረስ የታወቁ ነበሩ። እኔ ፒያሳ ጨርቅ ቤት ተቀጥሬ ሰው መሆን ስጀምር ሸጋው የሚባል ዳማ ፈረስ ሰጡኝ። በአገራችን ደንብ ወንድ በፈረሱ ስም ይጠራ የለ? እኔም አባ ሸጋው ተባልኩ። ከጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ ስሄድ «እንዴት ነህ አባ ሸጋው!» ነው። የክርስትና ስሜን ማን አስታውሶት!

አባቴ ፈረስ የሚቀመጡት በባዶ እግራቸው ነበር። እርካባቸው ትንሽ የብረት ቀለበት ናት፣ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚገባባት። «ልጄ፣ እግር ፈረስ ላይ እንግዳ ነው፤ ሂድ ሲባል ቶሎ መውጣት አለበት» ይሉኝ ነበር። እኔ አራዳው ግን የአባቴን ምክር የት ሰምቼ! ለጥምቀት ጃንሜዳ ጉግስ ልጫወት ሹል ጫማ ገዛሁ። ጫማው እንዲታይልኝ ብዬ ሰፊ እርካብ አሠራሁና የአባቴን አውልቄ ሣጥን ውስጥ ጣልኩ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ሸጋው ሲታጠፍ ሚዛኔን ሳትኩና ወደቅሁ። መውደቅስ ያለ ነው። ጫማዬ ግን እርካቡ ውስጥ ተቀረቀረ። ፈረሱ ደንግጦ በረረ፣ እኔን መሬት ለመሬት እየጎተተ። የሴቶቹ እልልታ ዋይታ ሲሆን ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም። እግሬ ከጫማው ሾልኮ ነው አሉ የተረፍኩት። ጌታ ይመስገን! ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር፤ እሱ ግን ያውቀኝ ነበር።

ጭኔ ተሰብሮ ወራት ተኛሁ። ፈረንጁ ሐኪም በአስተርጓሚ «አጥንትህ ገጥሟል፤ ከእንግዲህ ፈረስም መቀመጥ ትችላለህ» አለኝ። «ፈረስ» የምትለዋን ስሰማ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እጄን አየና «ይሄን ግን እኔ አላክመውም» አለ።

ወገኖቼ፣ ኀጢአቴ ከዚህ ይጀምራል። ሰው ሲጠይቀኝ «ፈረሱ ክፉ ነው፣ ጣለኝ» አልኩ። ስለ ጫማዬ ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያም ሸጋውን አቶ ከድር ለሚባሉ ባለጋሪ ሸጥኩት። የጉግስ ፈረስ፣ የአባቴን ስጦታ፣ ለጋሪ! አባቴ ሰምተው ከሱሉልታ መጡ። ቁጭ ይበሉ ብላቸው አልተቀመጡም። «አንተ የሸጥከው ፈረስ አይደለም፣ ስምህን ነው። ደጄን እንዳትረግጥ» ብለውኝ ሄዱ። ሦስት ዓመት አልተያየንም።

በዚህ መካከል ባለቤቴ እቴነሽ ወደ እናንተ አመጣችኝ፣ ጌታን ተቀበልኩ። ይህን ምስክርነት አላርመውም፤ እውነት ነው፣ ሃሌ ሉያ! ግን ያቺን ውሸት ከሆዴ አላወጣኋትም ነበር። ውሸቷን ታቅፌ ነው ፈውስ የለመንኩት።

ዘንድሮ በሐምሌ እህቴ ከሱሉልታ ሰው ላከችብኝ። «አባባ ደክመዋል፤ ስምህን አነሱ፤ ቶሎ ድረስ።» ወደ አባቴ ቤት ከመኪናው መንገድ ወርዶ ወንዝ አለ። በክረምት ያለ ፈረስ አይሞከርም። እቴነሽ «በል እንግዲህ፣ ተፈውሻለሁ ብለህ የለ?» አለችኝ። አይ እቴነሽ! አባቴ ሳይታረቁኝ ሊሞቱ ነው፣ እኔ ደግሞ ጋሪ ሳይ ቦይ እገባለሁ።

አልጋ ሥር የተቀመጠውን ኮርቻ አወጣሁ። የአባቴን የጥንት እርካብ ፈልጌ መልሼ አሰርኩ። ተሸክሜው አቶ ከድር ዘንድ ሄድኩና «ፈረሱን ለጥቂት ቀን ያውሱኝ» አልኳቸው። ሸጋው ከሳ ብሏል፤ የጋሪው እንጨት ትከሻውን ልጦታል። ሲያየኝ ጆሮውን አቆመ። ምነው ረስቶኝ በነበረ አልኩ።

አቶ ከድር «ይሄ ፈረስ እኔ ዘንድ አንድ ቀን ክፉ አላሳየም። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ምን አድርጎህ ነው የሸጥከው?» አሉኝ።

«ምንም አላደረገኝም» አልኳቸው። «የጣለኝ ጫማዬ ነው።»

ወንድሞቼ፣ ይህችን ቃል ስናገር እንባዬ ወረደ። አቶ ከድር የሸጋውን ገመድ አስያዙኝ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ፣ በል ንጹሁን ፈረስ ጫነው» አሉኝ።

ጫማዬን አውልቄ በክሩ አሰርኩና አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። አውራ ጣቴን እርካቡ ውስጥ ከተትኩ። አምና «ጌታ ሆይ ፍርሃቴን አውጣልኝ» ነበር ያልኩት። የዚያን ለት ግን «ጌታ ሆይ፣ ፈርቻለሁ፤ ከነፍርሃቴ አውጣኝ» አልኩ። ወጣሁ! ስሙ ይባረክ፣ ወጣሁ!

ድፍረት መጣልኝ ብዬ አልዋሻችሁም። እንጦጦን ሳልፍ እየጮህኩ ነበር። ወንዙ መሐል ሸጋው ሲንሸራተት ጋማውን አቅፌ አለቀስኩ። እሱ ግን ቀስ ብሎ አሻገረኝ።

አባቴ ተኝተው ኮቴውን ሰምተዋል። እህቴ እንደነገረችኝ «ሸጋው ነው። ማን አለበት?» አሉ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆምኩ፤ ደጄን እንዳትረግጥ ተብዬ የለ? «እኔ ነኝ አባባ። ፈረሱ አልጣለኝም። ምክርዎን ንቄ ነው የወደቅኩት» አልኳቸው። ቀና ብለው ጭቃ የበላውን እግሬን አዩ፤ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውንም ጫማ አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አባ ሸጋው» አሉኝ፣ «ግባ።»

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ኖሩ። መርቀውኝ፣ እጄን ይዘው አረፉ። ሸጋውን ከአቶ ከድር መልሼ ገዝቻለሁ፤ ዛሬም እዚህ የመጣሁት በእሱ ነው፤ ደጅ ታስሯል። ልወጣበት ስል ጉልበቴ ዛሬም ይንቀጠቀጣል። እንደዚያው ሆኜ እወጣለሁ፣ ጌታ ይመስገን! እናንተ መካከል እኔ አምና እንዳደረግኩት ፍርሃቱን ሸሽጎ እልል የሚል ካለ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ እውነቱን ለጌታ ንገሩት። እየተንቀጠቀጣችሁ ኑ። እኔን ከደጅ አላስቀረኝም።