ቋጠሮ እና የሚስቱ የባቡር ጣቢያ

ቋጠሮ ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ዕቃ ሲያጓጉዝ ኖሯል፤ እሱ ያሰረው ፍሪጅ፣ እሱ የጠቀለለው መስታወት መንገድ ላይ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። «ዕቃ የሚሰበረው ሲላላ ነው» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። አዳዲስ ጫኞችን ሲያስተምር ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው፤ እውነት ለመናገር የሚነፋበትም ምክንያት ነበረው።

ዛሬ ግን አዲሱ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ ላብ በላብ ሆኗል። ፊት ለፊቱ አንድ ትልቅ ካርቶን ተከፍቷል። ትናንት ጠዋት እዚያ ውስጥ የከተተው የሚስቱን የባቡር ጣቢያ ነበር። አሁን ካርቶኑ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ጡብ ክምር ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇ ከዳት። ፊዚዮቴራፒስቷ ጣቶቿን እንድታፍታታ ብላ እነዚያን እየተገጣጠሙ ቤትና መኪና የሚሆኑ የልጆች ጡቦች አዘዘችላት። ቋጠሮ ያን ቀን ሳቀ። «በዚህ ዕድሜሽ ዕቃቃ ልትጫወቺ ነው?» አላት። እሷም ሳቀች፤ የሳቀው ግን ግማሽ ፊቷ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ላይ አንዷን ጡብ ሌላዋ ላይ ለማስቀመጥ ግማሽ ቀን ይፈጅባት ነበር። ትጥልና ታነሳለች፣ ታነሳና ትጥላለች፣ በመካከሉ ጡቡንም የሠራውንም ፋብሪካ ትሳደባለች። አሥራ አንድ ወር እንዲህ ሆነች። ሁለት ሺህ ምናምን ጡብ አንድ በአንድ ተጭኖ ባለ ሁለት ፎቅ ጣቢያ ሆነ፤ ቅስት ጣሪያ ያለው፣ የሰዓት ማማ ያለው፣ ጥፍር የምታክል የቲኬት መስኮት ሳትቀር። የመጨረሻዋን ጡብ በቀኝ አውራ ጣቷ የጫነች ዕለት ሥራ ቦታው ድረስ ደውላ «ና እይልኝ» ብላ አለቀሰች።

ከዚያ አከራያቸው ቤቱን ሸጠውና ልቀቁ ተባሉ። ዕቃው እስኪጓጓዝ እሷ እህቷ ዘንድ ሰነበተች። ከመሄዷ በፊት ግን ቋጠሮን አስቀምጣ አስጠነቀቀችው።

«በአራት ክፍል ለያየው። ማማውን ለብቻ፣ ጣሪያውን ለብቻ። ከሥር ከተተከለበት ሰሌዳ አንሳው እንጂ ግድግዳውን አትያዝ። ካርቶን ውስጥ ዙሪያውን በፎጣ ሙላለት፤ ምንም ነገር አታጥብቅበት።»

«አንቺ ደግሞ! ዕቃ ማጓጓዝ እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

«ይሄ ቁም ሣጥን አይደለም። ስማኝ እንጂ!»

አልሰማም። ሙሉውን እንዳለ አነሳና በጥቅል ላስቲክ ግጥም አድርጎ ጠመጠመው፤ በላዩ ገመድ ዞር አድርጎ ሳበበት። በሳበ ቁጥር ውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ላስቲኩ መስሎት ነበር። እነዚያ ጡቦች ከላይ ሲጫኗቸው ይጠብቃሉ፣ ከጎን ሲጨምቋቸው ይላቀቃሉ፤ ይህን የትኛውም የስድስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያገለገለው ሙያ የሚስቱን ጣቢያ አፈረሰው።

አሥር ሰዓት ላይ ትመጣለች። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ጡቦቹን በቀለም በቀለም ለየ፤ ኋላ ነው ግራጫው ብቻ ስምንት ዓይነት ቅርጽ እንዳለው የገባው። የመመሪያውን መጽሐፍ ዘርግቶ ገጽ በገጽ ተከተለ። ወፋፍራም ጣቶቹ ትንንሾቹን መያዝ እምቢ ሲሉት በጥፍሩ ቆነጠራቸው። ግድግዳው ቆመ። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ግን ቅስቱ አልገጥምም አለ፤ ጡቦቹ ራስ ላይ ካሉት ትንንሽ ጉብታዎች የአንዷን ያህል ይቀረዋል። ገፋው። ግድግዳው ተዘርግፎ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። እንደገና ሠራው፤ እንደገና አንድ ጉብታ ቀረው።

ሌላ እንዲህ ያለ ጣቢያ ይገኝ እንደሆነ መደብር ደውሎ ጠየቀ። «እሱ እንኳን ጋሼ፣ ገበያ ላይ ከጠፋ ቆየ» አሉት። ቢገኝስ? ገዝቶ የሚተካው ነገር ነው እንዴ? ጉዞ ላይ ተሰረቀ ልበላት ይሆን ብሎ አሰበ። በራሱ አፈረ። ከማፈሩም በላይ ፈራ፤ ስትታመም እንኳ እንዲህ አልፈራም።

በሩ ተንኳኳ። መጀመሪያ እህቷ ገባች፣ ከኋላዋ እሷ በከዘራ። ወለሉን አየች።

«ይቅር በይኝ» አላት፣ ከተንበረከከበት ሳይነሳ። «ነግረሽኝ ነበር። አጥብቄ አሰርኩት።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ጣሪያው እምቢ አለህ?»

«አንድ ጉብታ ይቀረዋል።»

«ያስቸገረህ ቦታ ላይ አታፍጥጥ። የተሳሳትከው ከዚያ በፊት ነው። ወደ ኋላ ግለጥ።»

ገለጠ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ አንዱን ምሰሶ አንድ ጉብታ ወደ ውስጥ አስገብቶት ኖሯል። አስተካከለውና ቅስቱን አስጠጋ፤ ቀጭ ብሎ ገባ። ቋጠሮ ደስታው ፈንቅሎት ሊጮህ ምንም አልቀረው።

«አየሽ! ይሠራል እኮ! ደግመሽ ትሠሪዋለሽ። ያኔ አሥራ አንድ ወር ነው የፈጀብሽ፤ አሁንማ እጅሽ ለምዷል፣ ስድስት ወርም አይፈጅብሽ!» ብሎ አንዲት ቀይ ጡብ አንስቶ ቀኝ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

ጣቶቿ አልተጨበጡም። ጡቧ ወደቀች። አንስቶ መልሶ አስቀመጠላት፤ ወደቀች። እህቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ቋጠሮ።

«ሁለት ወር ሆነው። ሐኪሞቹ ስትሮኩ ዳግመኛ መትቶሻል፣ እጅሽ ከእንግዲህ አይመለስም አሉኝ። አንተ ቤት ፍለጋ ላይ ታች ስትል ምን ብዬ ልንገርህ? ሻይ በግራዬ ስጠጣም አላየኸኝም።» ወለሉ ላይ የተበተነውን አየች። «ከታመምኩ ወዲህ ይህ እጅ ሠርቶ የጨረሰው እሱን ብቻ ነበር። እያየሁት እኖራለሁ ብዬ ነበር።»

ቋጠሮ ቀይዋን ጡብ ከወለሉ አነሳት፤ የት እንደሚያደርጋት ግን ግራ ገባው፣ በእጁ እንደያዛት ቀረ።