በደህናው እግር መሰሰት

የተዋወቅነው እግሯን ስለረገጥኩባት ነው። የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ኮሪደር ጠባብ ነው፤ በአንዱ ግድግዳ ጥግ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ የቀረችው መተላለፊያ ናት። አልነሳ ያለኝን ትከሻዬን በሌላው እጄ ደግፌ ባዶ ወንበር ስፈልግ፣ አንዲት ረጅም ልጅ ግራ እግሯን ዘርግታ ኖሮ ጫማዋ ላይ ቆምኩባት።

«ይቅርታ ልጄ፣ ጎዳሁሽ?»

«ግድ የለም ጋሼ፣ እሱ ድሮም የተጎዳ ነው። ደህናውን ቢረግጡት ነበር የማዝነው።» ፈገግ አለችና ፈገግታዋን ወዲያው መልሳ ዋጠችው።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወረፋ እየጠበቅሁ ዝም ማለት አልችልበትም፤ ባለቤቴ «አንተ ሰው ካጣህ ከመብራት ምሰሶ ጋር ታወራለህ» ትለኛለች። ልጅቷ ግን መጀመሪያ ላይ ከምሰሶም የባሰች ነበረች። በሩን ታያለች፣ ሰዓቷን ታያለች፣ ከጉልበቷ በታች ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ጠባሳ በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች። ፊቷን ፀሐይ አክስሎታል፤ የአፍንጫዋ ጫፍ ተልጧል።

«ቁስሉ የቆየ ነው፣ ፀሐዩ ግን የሰሞኑ ነው» አልኳት። «የት ከርመሽ ነው?»

«ተራራ ላይ» አለች። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ፈታ አለች።

የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ከፍታ ዝላይ ነው ስፖርቷ። የቡድኑ ልጆች ፌንጣ ይሏታል። አምና ልምምድ ላይ ለመነሳት ግራ እግሯን ስትተክል ገላዋ ወደ አንድ ጎን፣ ጉልበቷ ወደ ሌላ ጎን ዞረና ጅማቱ ተበጠሰ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ከዚያ ክራንች፣ ከዚያ ደግሞ ወራት ሙሉ እዚሁ ክፍል ውስጥ መራመድን እንደ ሕፃን ከዳዴ መጀመር።

«አሁን ግን ድነሻል። ምንም የሆንሽ አትመስዪም» አልኳት።

«ቁጭ ብዬማ ሻምፒዮን ነኝ፣ ጋሼ። ዛሬ ባለሜትሩ ሊለካኝ ነው፤ እሱ ነው ጉዱ።»

ባለሜትሩ የሚሉት የሕክምና ባለሙያውን ነው፤ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር ከአንገቱ አይለይም። ፈተናው ቀላል ይመስላል። በአንድ እግር ቆሞ ወደፊት መዝለል፣ በዚያው እግር አርፎ ሳይንገዳገዱ መቆም። መጀመሪያ በደህናው እግር፣ ቀጥሎ በተጎዳው። የተጎዳው የደህናውን ዘጠና በመቶ ከዘለለ ወደ ቡድኑ መመለስ ይፈቀዳል። ከዚያ ካነሰ አይፈቀድም። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ አሰልጣኙ ቦታዋን እስከ ዛሬ ጠብቆላታል፣ ከዛሬ በኋላ ግን ለሌላ ልጅ እንደሚሰጠው ነግሯታል።

«አይዞሽ፣ ታልፊያለሽ» አልኩ፣ እንደ ሰው ወግ።

«ማለፉንማ አውቅበታለሁ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ያስጨነቀኝ እሱ ነው።»

እኔም ወንበሬን ትንሽ ጠጋ አደረግሁ። ሰው ለዘመዱ የማይነግረውን ነገር ስሙን እንኳ ለማያውቀው መንገደኛ ይነግራል።

«አንድ ዘዴ አለ» አለችኝ። «በደህናው እግር መሰሰት። ደህናው እግር ትንሽ ከዘለለ፣ የታመመው በመቶኛ ሲሰላ ጎበዝ ይሆናል። ማንም አይነቃብዎትም። ለነገሩ ሰው በደህና እግሩ ይለግማል ብሎ ማን ያስባል?»

«አድርገሽው ታውቂያለሽ?»

«ከእረፍቱ በፊት። አጎቴ በረጅሙ እረፍት ተማሪዎችን ተራራ ያስወጣል። ከልጅነቴ ጀምሮ ውሰደኝ እያልኩ እነዘንዘዋለሁ። ዘንድሮ እሺ ሲለኝ እናቴ ደግሞ ‹ያለ ሐኪም ወረቀት ከደጅ አትወጪም› አለች። በታመመው መቶ ሠላሳ ስምንት ሳንቲሜትር ብቻ እንደምዘል ቤቴ ለክቼ አውቄ ነበር። ስለዚህ በደህናው መቶ ሃምሳ ላይ አቆምኩ። ዘጠና ሁለት በመቶ። ባለሜትሩ ጨብጦኝ ወረቀቱን ፈረመ።»

ስለ ተራራው ስትነግረኝ ለጥቂት ጊዜ ሌላ ሰው ሆነች። በመንገዳቸው ያለውን ሐይቅ በታንኳ ሲሻገሩ መቅዘፊያው ተሰብሮባቸው በመጥበሻ እየቀዘፉ ወጡ። አንድ ጠዋት ከድንኳኗ ስትወጣ ደመናው ከእግሯ በታች ተኝቶ አገኘችው። አጎቷ ወረቀቱን አምኖ የሰልፉን ጭራ ሰጣት፤ ገመዱንና የሕክምና ሻንጣውን ይዛ ከሁሉም ኋላ እንድትሄድ።

«በአራተኛው ቀን ቁልቁለት ጀመርን» አለች። ጣቷ ጠባሳው ላይ ተመለሰ። «ሽቅብ ሲሄዱ ጉልበት ያማል፣ ቁልቁል ግን ይከዳል ጋሼ። ድንገት የለም። እግሬን አስቀመጥኩ፣ እግር የለም። ከፊቴ የነበረችውን የአንደኛ ዓመት ልጅ በሻንጣዋ ያዝኳት፣ ይዣት ተንሸራተትኩ። ገደሉ አፍ ላይ አንድ ቁጥቋጦ ባይይዘን...»

«ልጅቷስ?»

«ክንዷ ተላጠ እንጂ ደህና ናት። አጎቴ እየሮጠ መጣ። ‹ምን ሆናችሁ?› ሲል ‹ድንጋይ ከዳኝ› አልኩት። አመነኝ። ይባስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ‹በዚህ መንገድ ያመጣኋችሁ እኔ ነኝ ጥፋተኛው› አለ። ከዚያ እስክንወርድ ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ ከፊታችን እየሄደ ድንጋዩን በእግሩ እየጠረገ ወረደ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ አየዋለሁ።»

«እና ዛሬ ምን አሰብሽ?» አልኳት።

«ብሰስት አልፋለሁ፤ ሦስት ሳምንት ቆይቼ በዚህ ጉልበት እዘላለሁ። ባልሰስት እወድቃለሁ፤ ደህናው እግሬ በአንድ እረፍት እንዲህ አያድግምና ባለሜትሩም የያኔውን ያውቅብኛል።» ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ቢሆኑ?»

«እኔማ ፈሪ ነኝ፣ ትከሻዬን ለማሳየት እንኳ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። እኔን አትጠይቂኝ» አልኳት። ልትስቅ ስትል በሩ ተከፈተ።

«ፌንጣ፣ ነይ እስቲ» አለ ባለሜትሩ።

በሩ ገጥሞ አይዘጋም፤ እኔም ዓይኔን አልጨፈንኩም። ወለሉ ላይ ከተለጠፈው ነጭ መስመር ኋላ በቀኝ እግሯ ቆመች። ሁለት ጊዜ ጎንበስ ቀና አለች። ዘለለች።

ባለሜትሩ ተንበርክኮ ለካ። ተነሣ። እንደገና ተንበርክኮ ለካ።

«መቶ ዘጠና» አለ። ፋይሉን ገለጠ። «ያኔ መቶ ሃምሳ ነበርሽ።»

«አዎ።»

«ምን በልተሽ ነው?»

ዓይኗን ወደ ነጩ መስመር ጣለች። እሱም አልሳቀም። «በግራ» አለ ብቻ።

በግራ እግሯ ስትዘል ከንፈሯን ነክሳ ነበር። አርፋ ቆመች፤ ጉልበቷ ግን ሲርገበገብ ከተቀመጥኩበት ታየኝ።

«መቶ ሃምሳ ሁለት። ሰማንያ በመቶ።» ሜትሩን ጠቀለለ። «ተራራው ላይ ከድቶሻል?»

«አንድ ጊዜ።»

«ስትወድቂ ሰው አብሮሽ ነበር?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ባለሜትሩ ፋይሉን መልሶ ገለጠና የራሱን ፊርማ አየ። ሊቆጣት ነው ብዬ ነበር፤ ሲናገር ግን ድምፁ ተሰብሯል። «ያንን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሦስት ወር መዝለል የለም። መራመድ፣ መውጣት፣ ቀስ ብሎ መውረድ ይቻላል። ለአሰልጣኝሽ እኔ እደውላለሁ። ለአጎትሽ ግን አንቺ ነሽ የምትደውዪው፣ ዛሬውኑ።»

ወጥታ ኮሪደሩ ጫፍ መስኮቱ ጋ ቆማ ደወለች። ጀርባዋን ሰጥታን ነበር፤ የሰማሁት «ድንጋይ አልነበረም» የምትለውን ብቻ ነው። ከዚያ ብዙ አዳመጠች። እንዲህ ያለው ማዳመጥ ከንግግር ይልቅ ያደክማል።

ሻንጣዋን ልታነሳ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። እኔም ስሜ ተጠርቶ ተነሥቼ ነበር፤ መተላለፊያዋ ላይ ደረት ለደረት ተገናኘን።

«ተቆጣ?» አልኳት።

«ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ ጋሼ። ‹እሁድ ነይ፣ ትንሿን ኮረብታ አብረን እንወርዳለን› አለኝ። ‹እኔ ከኋላ ሆኜ ጉልበትሽን አያለሁ፣ አንቺ ከፊት ትሄጃለሽ› አለ። ከፊት ሆኜ ወርጄ አላውቅም።»