የአያ ሙላትን ጸሎት ስተረጉም

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ሽማግሌዎቹን አስፈቅጄ ነው የቆምሁት። ስሜ ብሩክታዊት ነው። ብዙዎቻችሁ ግን የምታውቁኝ በእናቴ ነው፤ እዚያ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው የአዜብ ልጅ ነኝ። በየጸሎት ፕሮግራሙ እጇን አውጥታ «ስለ ልጄ ጸልዩልኝ» ስትላችሁ የኖረችው ስለ እኔ ነው። እንግዲህ የጸለያችሁላት ልጅ ይችውላችሁ። ጌታ ይባረክ። እዩኝና ደስ ይበላችሁ።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ያደግሁት እዚሁ ገዳሪፍ ነው። ወላጆቼ ከጎንደር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻግረው መጥተው አባቴ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እየሰፋ አሳደገን። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከሕፃናት መዘምራን ጋር ዘምሬያለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ስማር አባቴ ኩላሊቱን ታመመ። ጉባኤው ጾመ፣ ጸለየ። እኔም እንደ ልጅ ሙሉ በሙሉ አመንሁ፤ ሲድን የሚለብሰውን ጀለቢያ እንኳ አጥቤ ተኩሼ ሰቅዬለት ነበር። አባቴ ግን አልዳነም። አረፈ።

ከቀብር መልስ ሰዎች «እግዚአብሔር ያውቃል» እያሉ ሲያጽናኑን፣ እኔ በልቤ «ካወቀማ ለምን ዝም አለ?» አልሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጌታ ጋር ተኳረፍሁ። ልብ በሉ፣ የለም አላልሁም። ኩርፊያ ነው። ሰው ካኮረፈው ጎረቤቱ ጋር አንድ ግቢ እንደሚኖር፣ እኔም እናቴን እንዳላሳዝን እሑድ እሑድ እየመጣሁ፣ ከጌታ ጋር ሳንነጋገር ዓመታት አለፉ። ምግብ ሲባረክ ዐይኔን እጨፍናለሁ፤ ውስጤ ግን ጭጭ ነው።

ፋርማሲ ለመማር የቆረጥሁትም ያኔ ነው። ጸሎት ካላዳነ መድኃኒት ያድናል ብዬ። ካርቱም ገብቼ ተማርሁ፣ ተመረቅሁ። ብዙም ሳልቆይ ጦርነቱ መጣና እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ሻንጣዬን ይዤ ወደ እናቴ ተመለስሁ። ከዚያ የዛሬውን ታሪክ ያመጣው በር ተከፈተ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የማኅበረሰብ ሆስፒታል ለተመረቁ ፋርማሲስቶች የሬዚደንት ሥልጠና ይሰጣል። ከሐኪሞች ጋር በየአልጋው እየዞሩ፣ ለእያንዳንዱ ታማሚ የሚሰጠውን መድኃኒት ዓይነትና መጠን እየተከታተሉ በሥራ ላይ መማር ማለት ነው። ተወዳድሬ አለፍሁ።

አሠልጣኛችን ዶክተር ሰልማ ይባላሉ። ሱዳን ውስጥ ፋርማሲስቱንም ዶክተር ነው የሚሉት። ሙስሊም ናቸው፤ ቶባቸውን ተከናንበው ሲመጡ የሚያሳሱ እናት ይመስላሉ፤ ሥራ ላይ ግን ቀልድ የለም። ጠዋት ጠዋት ዙር ስንወጣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ታማሚ እናቀርባለን፤ ክብደቱን፣ ኩላሊቱ እንዴት እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት ከየትኛው ጋር እንደማይስማማ። አንድ ቀን «ይመስለኛል» ብዬ ጀመርሁ። ዶክተር ሰልማ ፋይሉን ከእጄ ወስደው ዘጉትና «ያ ቢቲ፣ ይመስለኛል የሚባል መድኃኒት የለንም፤ ሂጂና አረጋግጪ» አሉኝ። ያ ቢቲ ልጄ ማለታቸው ነው። አፈርሁ፤ ግን ወደድኋቸው። ሥራውንም ወደድሁት። ካርቱም በመጽሐፍ ያነበብሁት ሁሉ እዚህ ሰው ሆኖ አልጋ ላይ ተኝቶ ጠበቀኝ።

ደግሞ ለቋንቋዬም ተፈለግሁ። ከቁረይሻ እርሻና ከገላባት የሚመጡ የእኛ አገር የቀን ሠራተኞች ብዙ ናቸው። ሐኪሞቹ በዐረብኛ፣ ታማሚዎቹ በአማርኛ፤ መካከል ላይ እኔ። ክፍል ስገባ ገና ከበሩ «አንች ልጅ፣ ወዲህ ነይማ» ይሉኛል።

አያ ሙላት የመጡት በክረምቱ፣ በሰሊጥ አረም ጊዜ ነው። ከአርማጭሆ ለቀን ሥራ የተሻገሩ ጎልማሳ ናቸው። አብረዋቸው የሚሠሩት ሰዎች ከቁረይሻ በሎሪ ጭነው አምጥተው፣ ለእኔ አደራ ብለው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ሰውነታቸው አልቆ ሆዳቸው ብቻ ተነፍቷል፣ ትኩሳቱ አይለቃቸውም። ካላዛር ነው። ይህ በአሸዋ ዝንብ የሚመጣ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ በእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም፤ ከታከሙት ይድናል፣ ካልታከሙት ይገድላል። በየቀኑ በሚሰጠው መርፌ ሕክምና ተጀመረላቸው፤ ክትትሉም ለእኔ ተሰጠ።

አያ ሙላት የእኛ ጉባኤ ሰው አይደሉም፤ ኦርቶዶክስ ናቸው። ማተባቸውን እየዳሰሱ ይጸልያሉ። መርፌው እጅግ ያማል፤ እሳቸው ግን የወጋቸውን ነርስ ይመርቁታል። እኔ መዝገቤን ይዤ አጠገባቸው ስቆም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ምርቃት ይከብደኝ ነበር።

አንድ ጠዋት እንዴት አደሩ ብላቸው «ልጀ፣ ልቤ ትዘላለች» አሉኝ። መርፌው ልብን ሊያውክ እንደሚችል ተምሬያለሁና ወዲያው ለሐኪሙ፣ ለዶክተር ዑስማን ነገርሁት። ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነው፤ ለዚያ ሁሉ ታማሚ እሱና አንድ ጓደኛው ብቻ ስለነበሩ ዐይኑ ሁልጊዜ ቀይ ነው። የልባቸውን አመታት በመሣሪያ አየ። ልክ አልነበረም። መርፌው ቆመ።

ቀጥሎ መሰጠት ያለበት በጠብታ የሚገባ ሌላ መድኃኒት ነው። ያ መድኃኒት እኛ ጋ አልቆ ነበር። ከከሰላ ከተማ ይመጣል ቢባልም ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል፤ የገዳሪፍን ጥቁር ጭቃ እናንተ ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ ሙቀት ከነካው አይረባም። ዶክተር ዑስማን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶኝ፣ ሰውየው ያለ መድኃኒት ብዙ እንደማይቆዩ፣ ይህንን ሳይደብቅ ሊነገራቸው እንደሚገባ አስረዳኝ። ከዚያም «ቋንቋውን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ፋርማሲ የተማርሁት እንዲህ ያለውን ቃል ላለመስማት ነበር፤ ጭራሽ እኔው ተናጋሪ ሆንሁ።

ዶክተር ሰልማም መጡ። ሦስታችን አልጋው ዙሪያ ቆምን። ነገርኋቸው። አያ ሙላት ማተባቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ነገር ጠየቁኝ። «እኒህን ሐኪሞች ልጸልይላቸው። እኔ በቋንቋየ እላለሁ፤ አንች በነሱ ቋንቋ ንገሪልኝ።» ለሐኪሞቹ ተናገርሁ። ዶክተር ዑስማን ጆሮው ላይ ያለውን የልብ ማዳመጫ አወረደ። ዶክተር ሰልማ መዳፋቸውን ዘርግተው «ተርጉሚ» አሉኝ።

አያ ሙላት ጀመሩ። «ጌታየ ሆይ፣ ይኸን ሐኪም ባርክልኝ። ደክሞታል፣ እንቅልፍ ስጠው።» ተረጎምሁ። ዶክተር ዑስማን አንገቱን ደፋ። «እኒህን ሴት ወይዘሮ ባርክልኝ። የሚሰጡት መድኃኒት ከእጃቸው አይጥፋ።» ተረጎምሁ። ዶክተር ሰልማ «አሚን» አሉ። «ካገሬ ወጣሁ እንጂ ካንተ እጅ አልወጣሁም» አሉ። ይህንንም ተረጎምሁ፤ ድምፄ ግን መቅጠን ጀመረ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከቅርብ ሰው ጋር እንደሚያወጉ ሆነው፣ «መድኃኒቱ ቢመጣ አመሰግንሃለሁ። ባይመጣም ያው ነኝ። አልተቀየምሁህም» አሉ።

ቆምሁ። አስተርጓሚ እኮ «እሳቸው አልተቀየሙም» አይልም፤ ራሱ ተናጋሪው ሆኖ ነው የሚናገረው። ያንን ቃል እኔ በምን አፌ ልበለው? ዶክተር ሰልማ በቀስታ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

እዚህ ላይ ዐረብኛ የምትችሉ ትረዱኛላችሁ። በአማርኛ «አልተቀየምሁህም» ሲባል ወንድም ይበለው ሴት ያው ነው። በዐረብኛ ግን ይለያል፤ ወንድ «ማ ዘዕላን» ይላል፣ ሴት «ማ ዘዕላና» ትላለች። እኔ ለወንድ የምተረጉም ነኝና እስከዚያ ድረስ ሁሉንም በወንድ አፍ ነበር ያልሁት። አሁንም «ዘዕላን» ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «ዘዕላና» ነው። አልተቀየምሁህም፤ እኔ፣ ሴቷ፣ ብሩክታዊት።

አስቤ ያደረግሁት አይደለም። ሃሌ ሉያ፣ ቅዱሳን፣ ያ ሁሉ ዓመት የተዘጋ አፍ በሰው ጸሎት ተከፈተ። እንባዬ ወረደ። ዶክተር ሰልማ ሰምተውኛል፤ ቀና ብለው አዩኝና ሳያርሙኝ ቀሩ። ጸሎቱ ሲያልቅ ዙሩን እሳቸው እንደሚጨርሱልኝ ነግረው ሰደዱኝ።

ወደ መድኃኒት መጋዘኑ ገብቼ የግሉኮስ ካርቶን ላይ ተቀመጥሁ። እኩለ ቀን ነው፤ ሙቀቱ አይጣል። እንዲህ አልሁ፤ «ጌታ ሆይ፣ አባቴን ለምን እንደወሰድኸው ዛሬም አልገባኝም። ግን ኩርፊያው ይብቃኝ። ኢየሱስ ሆይ፣ ልጅህ አድርገኝ።» መብረቅ አልወረደም። ነገር ግን ከደረቴ ላይ አንድ ሸክም ሲነሣ ተሰማኝ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እዚያ ስለነበረ የሰውነቴ ክፍል ይመስለኝ ነበር። ጌታ ይክበር።

ልብ በሉ፣ መድኃኒቱ ገና አልመጣም። ሰውየው ገና ታማሚ ናቸው። በዚያው ሳምንት ቤት ስሄድ እናቴ በገመድ በተሠራው አልጋ፣ አንገረቡ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች።

«እማዬ፣ ጸለይሁ» አልኋት።

ቀና ሳትል «በማን ስም?» አለችኝ።

«በኢየሱስ ስም።»

የያዘችውን ልብስ ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የምታለቅስ መስሎኝ ጠጋ ስላት እየሳቀች ነው። እስኪደክማት ሳቀች። ከዚያ ስለ አያ ሙላት ነገርኋት፤ ተንበርክከን ለእሳቸው ጸለይን።

ስመለስ አያ ሙላት ብሶባቸው አገኘኋቸው። ትኩሳቱ ያቃዣቸዋል። ዶክተር ሰልማ ስልኩን ከጆሯቸው አላወረዱም፤ የመድኃኒቱ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል። በማግስቱ ቀትር ላይ የትራክተር ድምፅ ሰማን። አንድ የአካባቢው ገበሬ የማቀዝቀዣውን ሣጥን ከመኪናው ተቀብሎ፣ በላዩ ሸራ ሸፍኖ፣ እሱ ራሱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ። ዶክተር ሰልማና እኔ ሣጥኑን ከፈትነው። በረዶው አልሟሟም። ሙቀት መለኪያውን አየን፤ ደኅና ነው። እሳቸው «አልሐምዱ ሊላህ»፣ እኔ «ጌታ ይመስገን»፤ ሁለታችንም በአንድ ትንፋሽ።

መጠኑን በክብደታቸው አስልቼ አቀረብሁ፤ ዶክተር ሰልማ አረጋገጡልኝና ጠብታው ተጀመረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ከዚያ ራባቸው። ራበኝ ሲሉ የሰማሁት ደስታ! ዓሲዳ በሙላህ፣ ገንፎ በወጥ እንደ ማለት ነው፣ ቀረበላቸውና ሳህኑን ጠርገው በሉ። ዶክተር ዑስማን ሆዳቸውን በጣቶቹ እየዳሰሰ የጣፊያው እብጠት እየቀነሰ መሆኑን አሳየን፤ ልባቸውም ወደ ልኩ ተመልሷል። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «ለሰውየው ንገሪያቸው፣ ጸሎታቸው ለእኔም ሠርቷል። ጓደኛ ሐኪም ተጨምሮልን ትናንት ተኝቼ አደርሁ» አለኝ። ስተረጉምላቸው አያ ሙላት ከት ብለው ሳቁ።

ወገኖቼ፣ መድኃኒት አትውሰዱ የምትል ምስክር አይደለሁም። መድኃኒቱን የመዘንሁት እኔ ነኝ። የተጸለየለት ሁሉ ይነሣል ብዬም አልዋሻችሁም፤ በዚሁ ክረምት ያረፉብን አሉ፤ አባቴም አለ። የምመሰክረው የሆነውን ነው። ጌታ አያ ሙላትን በመድኃኒቱ አዳናቸው፤ እኔን ደግሞ በአያ ሙላት።

በገላባት በኩል ወደ አገራቸው የሚሄዱ ዕለት ልሸኛቸው ወጣሁ። ያን ቀን ጸሎታቸውን ስተረጉም መሳሳቴን፣ «አልተቀየምሁህም» የሚለውን በእሳቸው ፈንታ በራሴ ስም ማለቴን ነገርኋቸው። «እንግዲያ ልጀ፣ ጸሎቱ ለሁለት በቃና» አሉኝ። ግንባሬን ሳሙኝና ሎሪው ላይ ወጡ።

አሁን ሥልጠናዬ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ጠዋት ጠዋት ከዙር በፊት የታማሚዎቼን ስም እያነሣሁ እጸልያለሁ፤ ከዚያ ደግሞ መጠናቸውን ሁለት ጊዜ አረጋግጣለሁ። ዝናቡ ሲያልፍ በራሃድ ወንዝ እጠመቃለሁ፤ ሁላችሁም እንድትመጡልኝ እፈልጋለሁ። እናቴን የደገፋችኋት፣ ሳትሰለቹ የጸለያችሁልኝ፣ ጌታ ዋጋችሁን ይክፈላችሁ።

ዛሬ ደግሞ በመካከላችን ከጌታ ጋር የተኳረፈ ሰው ይኖራል። ዝም ብሎ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ እንደ እኔ። ቃል ጠፍቶህ፣ ቃል ጠፍቶሽ ከሆነ ከሰው መዋስ ይቻላል፤ እኔ ተውሼ ነው የዳንሁት። ጉባኤው ሲያልቅ በሩ አጠገብ እቆያለሁ። በአማርኛም ሆነ በዐረብኛ አብሬያችሁ እላለሁ። ቃሉ ትንሽ ቢሆን፣ ቢሰበር፣ በሌላ ሰው አፍ ቢጀመር ጌታ አይንቀውም። ኑ፣ አትፍሩት። ምስጋና ሁሉ የእርሱ ይሁን፤ ከእኔ ጋር አሜን በሉ።