የቀለጠው ጠጠር

በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ሕዝብ ፊት ቆሜ ተናግሬአለሁ፤ በመጀመሪያው ንግግር ሰው ልገድል ነበር። ንግግሩ ምስክርነት ይባላል። ቦታው በዐረብ አገር፣ ሀደት በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በሥራ ቀን የሰርግ ወንበር የሚከማችበት፣ እሁድ እሁድ ደግሞ እኛ ተከራይተን የምናመልክበት ምድር ቤት ነው። የተናገርኩት ስለ ሐሞቴ ጠጠር ነው። ጌታ አቀለጠልኝ አልኩ።

ጠጠሩ መኖሩን ያወቅኩት ከገና በኋላ ነው። ሕመሙ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ይነሳና ወደ ጀርባዬ ዞሮ ትንፋሽ ያሳጥረኛል። ማዳሜ፣ ስድስት ዓመት እየተመላለስኩ ቤቷን የማጸዳላት ሴትዮ፣ ኩሽናዋ ወለል ላይ ተጠቅልዬ ስታገኘኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ምን ሰበርሽ?" ብላ ነው። ምንም እንዳልተሰበረ አይታ ካረጋገጠች በኋላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ሆዴን በመሣሪያ አይቶ፣ "ሐሞትሽ ጠጠር ሞልቶታል። ያኒ፣ ከነከረጢቱ በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ ኸላስ" አለኝ። ለእሱ አለቀ፣ ኸላስ ነው። እኔ ቢላዋ የምወደው ሽንኩርት ላይ ብቻ ነው። እሺ ብዬ ወጣሁ፣ አልተመለስኩም።

የምኖረው ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ ሁለት ሃይማኖት አለን። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እሷ ኦርቶዶክስ ናት። ዓመቱን ሙሉ እንነታረካለን፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን ክርክሩን እሷ ታሸንፋለች፣ ምክንያቱም ቡታጋዙም ድስቱም የእሷ ነው። ሥጋ የነካ ድስት ከጾም ድስቷ አጠገብ ከተቀመጠ ሦስት ቀን አታናግረኝም። ስለዚህ እኔም ሃምሳ አምስቱን ቀን በግድ እጾማለሁ። ይህንን በደል ለጌታ ብዙ ጊዜ አመልክቻለሁ። ሳብራ ገበያ ትሄድና ምስርና ጥቅል ጎመን ተሸክማ ትመጣለች፤ ዘይቱንም የዓይን መድኃኒት ይመስል በጠብታ ታደርገዋለች። "ጾም ነው እንጂ ጥብስ አልያዝንም" ትለኛለች።

በዚያ ዓመት የእህቴና የማዳሜ ፋሲካ አንድ ቀን ስለዋለ ማዳሜም አብራ ጾመኛ ሆነች። ሥጋ ተወች፣ ቸኮሌት ተወች፣ እኔ ላይ መጮህ ብቻ አልተወችም። እሷም ቤት ምሳ ምስር ነው። ምሳዬ ምስር፣ እራቴ ምስር ሆነ።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው እሁድ ፓስተራችን ለታመሙ ሰዎች ጸለየ። ፓስተራችን በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ኻልዴ መንገድ ዳር መኪና ያጥባል፣ እሁድ እኛን ያጥባል። እጁን ራሴ ላይ ጭኖ፣ የእኔን እጅ ጎኔ ላይ አስደርጎ፣ "ይህ ጠጠር በእሳት ፊት እንዳለ ሰም ይቅለጥ" አለ። ሙቀት ወረረኝ። አሁን ሳስበው አዳራሹ መስኮት የለውም፣ ሰዉም ቆሞ ይዘላል፤ በዚያ ቀን ያልሞቀው ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ ጠፋ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ጎኔ ዝም አለ።

በእኛ ዘንድ የተፈወሰ ሰው ዝም አይልም፤ ዝም ካለ የጌታን ክብር ሰረቀ ይባላል። መድረክ ላይ ይወጣል፣ ማይክ ይይዛል፣ በሽታውን በደንብ አግዝፎ ያሳያል፣ ከዚያ ያባርረዋል። ሐኪም ጋ ተመልሰሽ ታይተሻል ወይ የሚል የለም፣ ጥያቄው ራሱ አለማመን ነው። እኔም ወጣሁ። ሐኪሙ ሽንብራ የሚያክል ያለውን ጠጠር እንቁላል አሳከልኩት። ለቀዶ ጥገና ቀን ቆርጠውልኝ ነበር አልኩ፤ ማንም አልቆረጠልኝም። ጠጠሩ ሲቀልጥ ተሰምቶኛል አልኩ፤ የተሰማኝ ረሃብ ነበር። ውሸታም አይደለሁም፣ ግን ማይክ ይዞ ፊቱ እልል ሲባልለት የሚቆጥብ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ቤት ገብቼ ለእህቴ ነገርኳት። ጎመኗን እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ "ያዳነሽ ጠበሉ ነው" አለችኝ።

"የምን ጠበል?"

"ከአገር ቤት የተላከልኝ። ጠዋት ጠዋት ሻይሽ ውስጥ ጠብ አደርግልሽ የለ?"

በማግስቱ ለማዳሜ ስነግራት እሷም አልደነቃትም። ለካ ከገዳም ያመጣችውን የተባረከ ዘይት በጥጥ ነክራ የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ከትታልኛለች። "ዘይቱ ነው፣ ሀቢብቲ" አለችኝ፣ "መርሲ በይው።" አንዲት ሐሞት ለሦስት ቤተ ክርስቲያን ተከፋፈለች።

በሚቀጥለው እሁድ ከጉባኤው በኋላ አንዲት ትልቅ ሴት እጄን ያዙኝ። እትዬ ነው የምላቸው። ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ አገር የሰው እናትና አባት ሲያስታምሙ የኖሩ፣ የራሳቸውን ስኳር በሽታ ደግሞ በኪኒን እየተቆጣጠሩ የቆዩ ሰው ናቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ከምስክርነትሽ ወዲህ አንድም ኪኒን አልዋጥኩ" አሉኝ። "በመሐረብ ቋጥሬ ሻንጣዬ ሥር ከተትኩት። ድንጋይ ያቀለጠ ጌታ ስኳር ያቅተዋል?"

መደንገጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ኩራት ተሰማኝ። አቅፌ ሳምኳቸውና አሜን አልኳቸው። ይህንን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

ፋሲካ ደረሰ። እህቴ ሃምሳ አምስት ቀን የቆጠበችውን ዘይት በአንድ ድስት ዶሮ ላይ አፈሰሰችው፣ በላዩ ከአገር ቤት የመጣ ቅቤ ጨመረችበት። በግድ የጾምኩት እኔ ከጾመኛዋ ብሼ ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ። ከቀትር በኋላ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝና፣ ትንሣኤው የጠጠሬም ሆነ፤ ሕመሙ ተነሳብኝ።

ለፓስተሩ ደወልኩለት። "ፈውስሽን ሊሰርቅ ሰይጣን የላከው የውሸት ምልክት ነው፤ አትቀበዪው" አለኝ። አልተቀበልኩትም። እሱ ግን ሳይፈቀድለት ገባ። አራት ቀን ትራስ ነክሼ "ተፈውሻለሁ" ስል ቆየሁ። ሕመሙ ብቻ ቢሆን እጄን ሰጥቼ ሐኪም ጋ እሄድ ነበር፤ ያን ሁሉ እልልታ ማን ይመልሳል? በአምስተኛው ቀን ጠዋት እህቴ መጋረጃውን ገልጣ አየችኝና፣ "ዓይንሽ እርድ መስሏል" አለች። እኔን ሳትጠይቅ ለማዳሜ ደወለች። ማዳሜ እየጮኸች መጣች፣ እየጮኸች ሐኪም ቤት አስገባችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጩኸቷን ወደድኩት።

ሐሞቴ ወጣ። ስነቃ ያው የድሮው ሐኪም አጠገቤ ቆሟል። "የት ጠፋሽ? ይህን ያህል ጊዜስ እንዴት ቻልሽው?" አለኝ። ተአምሩን ነገርኩት። ሰው ነው፣ አልሳቀብኝም፤ "በዚያ ጊዜ ምን ትበዪ ነበር?" ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

"ምስር" አልኩት።

"ሌላስ?"

"ምስር።"

ያን ጊዜ ሳቀ። "ሐሞትሽን የሚያስቆጣው ቅባት ነው፣ ያኒ። ቅባት ስላልመጣበት ተኝቶ ነበር። ጠጠሩ ግን የትም አልሄደም" አለና ትንሽ ብልቃጥ በእጄ አስያዘኝ። ውስጡ አሥራ አንድ ጠጠሮች ነበሩ፣ ሁሉም ድርቅ ያሉ። አንዱም የመቅለጥ ሐሳብ አልነበረውም።

እህቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጭና፣ "ጴንጤዋን ሁዳዴ አዳናት" አለች። ጠበሉን ወዲያው ረስታዋለች፤ ጾሙ ይበልጥ ያኮራታል። አብሬያት ሳቅኩ፣ ስፌቴ እስኪያመኝ ሳቅኩ። በሳቄ መሃል እትዬ ትዝ አሉኝ። ሻንጣ ሥር ያለው መሐረብ ታየኝ። እኔስ ምስር ጠብቆኛል፤ እሳቸውን የሚጠብቃቸው የእኔ ወሬ ብቻ ነው። ፍርሃት ያዘኝ፣ አለቀስኩ። እህቴ ያመመኝ መስሏት ነርስ ልትጠራ ሮጠች።

ስልክ ደወልኩላቸው። አልተፈወስኩም፣ ኪኒንዎን ይዋጡ ስላቸው አዳመጡኝና፣ "ልጄ፣ ይሄ ያንቺ ድምፅ አይደለም። ሰይጣን በአፍሽ እያናገረኝ ነው" ብለው ዘጉት። እንዲህ ብለው እንዲመልሱ ያስተማርናቸው እኛው ነን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። በዚያ አልጋ ላይ ከጉባኤ የተማርኩት ጮሌ ጸሎት ሁሉ ጠፋብኝ። "ጌታ ሆይ፣ በእኔ አፍ አትግደላቸው" ብቻ አልኩ። እስከ ዛሬ ከጸለይኳቸው ጸሎቶች ያላጋነንኩት ያ ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሁለተኛው እሁድ፣ ገና ከአልጋ እንደተነሳሁ፣ ስፌቴን በእጄ ደግፌ አዳራሽ ሄድኩና ምስክርነቴን ልመልስ ነው አልኩት ፓስተሩን። ምስክርነት የመለሰ ሰው አይቶ ስለማያውቅ የት እንደሚያስገባኝ ጨነቀው፤ ከመዝሙር በፊት ነው ወይስ ከማስታወቂያ በኋላ? ወደ ጥግ ወስዶ፣ "እህቴ፣ ለጌታ ክብር አይሆንም" አለኝ። የእትዬን ነገር ነገርኩት። አንገቱን አቀርቅሮ፣ "እኔም የደም ግፊት ኪኒን እውጣለሁ" አለኝ። "ግን እንዲህ ያለው ነገር ማይክ ላይ አይባልም።" ቢሆንም ማይኩን ሰጠኝ።

"አልተፈወስኩም ነበር" አልኩ።

"አሜን" አለ ጉባኤው።

"ጠጠሩ አልቀለጠም። በቀዶ ጥገና ነው የወጣው።"

"አሜን፣ ሃሌሉያ።" ከኋላ አንዷ እልል አለች።

"ኪኒን ያቆማችሁ ሰዎች፣ ዛሬውኑ ጀምሩ።"

እዚህ ላይ አሜኑ ትንሽ ሳሳ። ፓስተሩ ቶሎ ማይኩን ተቀብሎኝ፣ ጌታ በሐኪም እጅም ይሠራል አለ፣ መዝሙር ተጀመረ። እኔ ግን የእትዬን ወንበር ነበር የማየው። ባዶ ነው። ያን ሁሉ የተናገርኩት ለእሳቸው ነበር፣ እሳቸው ግን አልመጡም።

ቤታቸው ከእኛ ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው። በሩን ሲከፍቱልኝ ደነገጥኩ። ጉንጫቸው ገብቷል፣ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ከአልጋው ሥር ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። "ማን ነሽ?" አሉኝ፣ ዓይናቸውን አጥብበው። ዓይናቸውም እየደከመ ነበር። እኔ ነኝ ስላቸው ወደ አልጋቸው ተመለሱ፤ ቁጭ በዪ አላሉኝም።

"እትዬ፣ ኪኒኑን ይዋጡ። ፓስተሩ ራሱ የግፊት ኪኒን ይውጣል" አልኳቸው።

"እሱ ይዋጥ። እኔ በእሱ ኪኒን አላመንኩም፣ ባንቺ ምስክርነት ነው ያመንኩት። በጌታ ስም ነው የተናገርሽው።"

"ዋሸሁ።"

"ያኔ ዋሽተሽ እንደሆነ ዛሬ እውነት መናገርሽን በምን ልወቅ?"

እውነታቸውን ነው። ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት፣ ነቀነቁት። ጠጠሮቹ ተንኳኩ። ዓይናቸው ስላልደረሰላቸው ክዳኑን ከፍተው ጣታቸውን አስገቡ፣ አንዷን ይዘው በሁለት ጣት ጨመቋት። ደግመው ጨመቋት።

"ቀለጠ ያልሽው ይሄ ነው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እንቁላል ያክላል ብለሽን አልነበር እንዴ?"

እሳቸው ክዳኑን መልሰው ዘጉ፣ ጎንበስ ብለው ሻንጣቸውን ከአልጋው ሥር ጎተቱና መሐረቡን አወጡ። ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ አላቸው፤ እኔ ፈታሁላቸው። ውሃ ቀዳሁላቸው። ነገ ጠዋት አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን ስላቸው አልተከራከሩኝም። አንዷን ኪኒን መዳፋቸው ላይ አድርገው፣ አሜን ሳይሉ፣ ሳይጸልዩ፣ ዋጧት።

ከዚያ ብርጭቆውን መለሱልኝ።

"አንድ ነገር ልለምንሽ" አሉኝ።

"ምን ላድርግልዎት?"

"ስለዚህ ደግሞ ሄደሽ ምስክርነት እንዳትሰጪ።"