የአጎት እጅ

ቾዞም የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ባርኔጣ ውስጥ ደብቃ፣ የመነኮሳት ሐኪሞች መኖሪያ የሆነው የብረት ኮረብታ ጫፍ ድረስ ወጥታ አንድ መነኩሴ ሐኪም አሳተች ይባላል። ይህን ያልሰማ ሰው በላሳ ከተማ ካለ ገና ያልተወለደ ነው፤ እሱም ቢሆን በእናቱ ሆድ ሆኖ ሳይሰማው አይቀርም። አንዱ፣ ሐኪሙ እጇን ይዞ ሲያለቅስ አየሁ ይላል። ዘግይቶ የሰማው ደግሞ ልቅሶውን ትቶ መሳሳም ይጨምርበታል።

እውነቱ ሌላ ነው። የለበሰችው ያንኑ የዘወትር ባለ መስመር ሽርጧን ነው፣ እሱንም አይብ የነካካው። ጫፍ አልደረሰችም። እጅ መያዙስ ተይዟል፤ እጁ ግን የእሷ አልነበረም።

ቾዞም በኮረብታው ግርጌ፣ ቅዱሳን ከተቀረጹበት አለት ሥር ተቀምጣ፣ ዙሪያውን ለሚዞሩ ተሳላሚዎች በክር የተሰካ የደረቀ አይብ ትሸጣለች። ባሎቿ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። እርሻው እንዳይቆራረጥ ብሎ አባታቸው በአንድ ሠርግ ሁለቱንም ለእሷ ዳራቸው። ታላቁ ዳምዱል ገብሱን ያርሳል፣ ቤቱን ያዛል፣ ሲያስነጥስ እንኳ ጎረቤት እንዲሰማው አድርጎ ነው። ታናሹ ሚግማር አህያ ይነዳል፣ ዝም ይላል። ጢም ያወጣው ልጃቸው ታርግዬ እንደ ወጉ ታላቁን “ፓላ” ብሎ አባት፣ ታናሹን “አኩ” ብሎ አጎት ያደርጋል። እንዲህ ባለ ቤት ልጁ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። የተጠየቀ ዕለት እርሻው ለሁለት ይከፈላል፣ ጣሪያውም ለሁለት ይከፈላል። ምድጃ ግን ለሁለት አይከፈልም፤ ይጠፋል።

በዚያ ዓመት፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ አንድ እረኛ በበቅሎ እየጋለበ ኮረብታው ሥር ካለው ደጃቸው ደረሰ። ታርግዬ ከተራራው ማዶ ያክ የሚባለውን ጠጉራም የተራራ ከብት እየጠበቀ ሳለ ታሟል፤ ይንቀጠቀጣል፣ አይናገርም፣ በቅሎ ላይ ቢጭኑትም አይደርስም። በረዶው መተላለፊያውን ሳይዘጋው ዛሬውኑ ስለምመለስ የምትልኩትን ቶሎ ስጡኝ አለ።

በሽተኛው ሩቅ ሲሆን የብረት ኮረብታ ሐኪሞች የአባትን እጅ ይዘው የልጁን ሕመም በአባቱ የደም ሥር ትርታ ያነብባሉ። ስለዚህ ዳምዱል ደረቱን ነፍቶ ወጣ፤ ቡናማ ዱቄት በከረጢት ይዞ እየሳቀ ወረደ። ሐኪሙ ያሉትን ለእረኛውም ለሚስቱም አወራ። መንቀጥቀጥ ሁለት ፊት አለው፤ ወይ ብርድ ነው፣ ወይ አመድ ሥር እንዳለ ፍም የተደበቀ ትኩሳት ነው። ፍም ከሆነ የሚያሞቅ ነገር ይገድለዋል። የዳምዱል እጅ ግን ብርድ ነው ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። ዱቄቱ የሚያሞቅ ነው፤ በላዩ ላይ የአጥንት መረቅ ይጠጣበት።

ቾዞምም አብራ ሳቀች፤ ሌላ ምን ታድርግ። የታርግዬ ነገር በተጀመረበት ጊዜ ዳምዱል ጨው ሊያመጣ ሰሜን ወርዶ ነበር። እሱ ሒሳብ የሚያውቀው ገብስ ሲሰፍር ብቻ ስለሆነ ወራቱን አልቆጠረም። እሷ ቆጥራለች። በዚያ እጅ የተነበበው የማንም ይሁን የማን፣ የታርግዬ ሕመም አይደለም።

እረኛው በሶውን እየበጠበጠ ነው። ብትናገር ቤቱ ይፈርሳል። ዝም ካለች ደግሞ ልጁን ሊገድል የሚችለው ዱቄት በበቅሎ ተጭኖ ይሄዳል። የከረጢቱ አፍ ላልቷል፣ ልስፋው ብላ ዱቄቱን ከዳምዱል እጅ ወሰደችና ሚግማርን አህዮቹ ዘንድ አገኘችው።

“ና፣ እንውጣ።”

“የት?”

“ላይ።”

ሚግማር ኮረብታውን አየ፤ ሴት የማትወጣበትን ኮረብታ። ከዚያ እሷን አየ። “ታላቄ ሄዶ የለም እንዴ? እኔ ምኑ ነኝ ብዬ ነው እጄን የምዘረጋው?”

“መንገድ ላይ ታስብበታለህ።”

ሴቶች የማያልፉት በኖራ የተቀባ ድንጋይ አለ። አለፈችው። ከላይ ሥራሥር ሲያሰጡ የነበሩ ደቀ መዛሙርት ሥራቸውን ጣሉ። አንዱ እናታችን መንገድ ጠፍቶሻል አላት፤ ሌላው የሴቶቹ ገዳም በወዲያ ነው ብሎ ቀለደ። ከታች ተሳላሚዎቹ መዞሩን ትተው አንገታቸውን አቀኑ፤ ወሬው የተፀነሰው እዚያ ነው። ሚግማር ሊመለስ ሲል እጅጌውን እንደ እምቢተኛ አህያ ልጓም ጨብጣ ይዛዋለች።

የዳምዱልን እጅ የያዙት ሽማግሌው ሐኪም ሉንዱፕ ጩኸቱን ሰምተው ተቆጥተው ወረዱ። ጉዳዩን በሁለት ቃል ስትነግራቸው ወደ ሚግማር ዞሩ።

“ለአንድ ልጅ ዛሬ የስንቱን እጅ ልይዝ ነው? አንተስ ምኑ ነህ?”

“አጎቱ ነኝ” አለ ሚግማር፣ መሬት መሬት እያየ።

“የአጎት እጅ ስለ ወንድም ልጅ አይናገርም። ውረዱ።”

“አምቺ-ላ” አለች ቾዞም፣ በሐኪም ማዕረጋቸው ጠርታ። “አፉን አይጠይቁት። እጁን ይጠይቁት።”

ሽማግሌው አተኩረው አዩዋት። አንድ ጥያቄ ቢጠይቋት ትመልሳለች፤ ደቀ መዛሙርቱ ይሰማሉ፣ ማታ ላሳ ይሰማል፣ ነገ እርሻው ይለካል። አልጠየቋትም። የሚግማርን አንጓ ያዙ። ሦስት ጣታቸውን አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከታች የእረኛው በቅሎ ቃጭል ይሰማል፤ እየተጫነች ነው። ሐኪሙ ግን ሌላኛውን እጁን ያዙ፣ እንደገና ጨፈኑ። ቾዞም ልትጮህ ምንም አልቀራትም።

“ያ ዱቄት የት አለ?” አሉ በመጨረሻ።

ከጉያዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። ለንፋሱ በተኑትና ነጭ ዱቄት አስመጡ። “በቀዝቃዛ ውሃ። መረቅ እንዳይቀምስ።” ይህን ብለው ሽቅብ ተመለሱ። ሚግማር የገዛ እጁን የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው ቆሞ ያየዋል።

ቾዞም ቁልቁል ሮጠች። እረኛው እግሩን እርካብ ላይ አድርጎ ነበር። ከረጢቱን ሰጥታ “መረቅ እንዳይቀምስ” ስትለው ዳምዱል በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ከእሷ ኋላ እያለከለከ የሚመጣውን ሚግማርንም አየ።

መተላለፊያው ተዘጋ። ብርዱን ሙሉ ሦስቱም በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ገብስ፣ ስለ አህያ፣ ስለ ጎረቤት አወሩ፤ ስለ ታርግዬ ትንፍሽ ያለ የለም። በረዶው ሲቀልጥ ልጁ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ በእግሩ መጣ። ነጩን ዱቄት በወሰደ ማግስት ላቡ እንደ ጎርፍ ወርዶ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ውሃ ስጡኝ ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዳምዱል ሥራ አገኘ። በየመንገዱ ሽማግሌው ሐኪም ጣታቸው ደንዝዟል፣ ብርድና ትኩሳት አይለዩም፣ ልጄን ሊገድሉብኝ ነበር ይላል። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አመነ፤ በሽተኛውን ወደ ሌላ ሐኪም የወሰደም አለ። ሉንዱፕ በአንድ ቃል አፉን ሊያስይዙት ሲችሉ ዝም አሉ። ዝምታቸው ቾዞምን ከስድብ በላይ አቃጠላት።

አንድ ቀን አራቱም ሻይ ሲጠጡ ዳምዱል ያንኑ ጀመረ። “ያን ዕለት ንፋስ ነበር፣ እጄ በርዶት ነበር። ደህና ሐኪም ቢሆኑ ይህን ያውቁ ነበር።”

ቾዞም ጽዋውን እየሞላችለት፣ ቀና ሳትል፣ “ንፋሱ እኮ ቀኑን ሙሉ ነበር” አለች። “ሚግማርም ጓንት አላደረገም፤ እጁ ግን ትኩሳቱን ተናግሯል።”

ዳምዱል ሻዩን ጨለጠና ስለ ገብሱ ማውራት ጀመረ።