የጎኑ ስፌት

እኛ ሱቅ ሰው በላብ ተጠምቆ ሲገባ መስኮቱ ላይ የሚያየው ካፖርት ነው። ብርዱ አጥንት ሲሰብር ደግሞ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶቹ እጅጌ ጉርድ ለብሰው ይቆሙለታል። የልብስ ንግድ እንዲህ ነው፤ አንድ ወቅት ካልቀደሙ አይሸጥም። ይህን የሚያስቀድሙልን ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አሻንጉሊት ሲያለብሱና ሲያወልቁ የኖሩ ናቸው። «ወቅቱ አይፈቅድም» የምትል ነገር ከአፋቸው ስለማትጠፋ ሻጮቹ ልጆች ጋሽ ወቅቱ ይሏቸዋል። ፊት ለፊታቸው ግን «ጋሼ» ነው፤ ማን ደፍሮ!

እኔ የሱቁ ልብስ አስተካካይ ነኝ። ማጥበብ፣ ማሳጠር፣ ማስፋት፣ ዚፕ መቀየር የኔ ነው። የስፌት መኪናዬ ያለችው ከማሳያው መስኮት ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ስለሆነ፣ ከኚህ ሰውዬ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ግድግዳ ተጋርቼ ኖሬያለሁ። ከባሌ ጋር እንኳ ይህን ያህል አልቆየሁም።

የሕጋቸው ብዛት! ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያዩት ጫማውን ነው፤ ጫማው ካልተወለወለ ከላይ የተለበሰው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው ይላሉ። አንድ ሰው ላይ ከሦስት ቀለም በላይ ካዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ልብስ በትከሻ ይገዛል፣ ወገቡን ለማስተካከል እኔ አለሁለት። አዲስ ሸሚዝ፣ አዲስ ሱሪና አዲስ ጫማ ባንድ ቀን የለበሰ ሰው ለሳቸው የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሳለት ዕቃ ነው። ፋሽን ሲባል ደግሞ ይስቃሉ። ያኔ ሱሪ ጠቦ ጠቦ እግር አላስገባ ባለ ጊዜ «ቆዩ፣ ይሰፋል» አሉ፤ ይኸው ዘንድሮ ሰፍቶ መንገድ ይጠርጋል። ልጆቹ «የዘንድሮው ቀለም ሰናፍጭ ነው» ብለው ሲንጫጩ «ለማን ፊት?» ብለው ይጠይቃሉ። እውነታቸውን ነው እኮ፣ ያ ቀለም ግማሹን ሰው የታመመ ያስመስላል።

አንድ ቀን ዕቃ ላደርስ ቤታቸው ገብቼ ነበር። ጠረጴዛ መቆም በነበረበት ቦታ የልብስ መተኮሻው ሰሌዳ ተዘርግቷል። ቁም ሣጥኑ በወቅት በወቅት ተከፍሎ ተደርድሯል። ወንበር ሁለት አለ፣ አንደኛው ላይ ሸሚዝ ተሰቅሎበታል። ያ ሁሉ የተተኮሰ ልብስ ለማን እንደሚለበስ እግዜር ይወቅ። ቅዳሜ ሱቅ ስንዘጋ «እንግዲህ ሰኞ» ብለው ኮሌታቸውን ነካ አድርገው ይወጣሉ፤ እስከ ሰኞ ካንድ ሰው ጋር ቃል እንደማይለዋወጡ ስለማውቅ አንጀቴን ይበሉኛል።

ሚስታቸው ቀድመው ስለሞቱ አንዲት ሴት ልጅ ብቻቸውን አሳደጉ። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ለመጀመሪያ ሥራዋ ቃለ መጠይቅ ልትሄድ፣ ራሷ የመረጠችውን ቀሚስ ለብሳ ጓደኞቿ እንዲያዩላት ሳሎን ወጣች። አባት ቀና አሉና «ይሄ ቀሚስ ቀጭን ሰው ይፈልጋል። አንቺ ወገብሽን መደበቅ ነው ያለብሽ» አሏት። በጓደኞቿ ፊት! ክፋት አልነበረውም፣ ለደንበኛም እንዲሁ ነው የሚሉት። ደንበኛ ግን ተናዶ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። እሷም ሄደች። ሌላ ከተማ አክስቷ ጋ ገባች፣ እዚያው ሥራ ያዘች፣ አገባች፣ ወለደች። አሥር ዓመት! አባት ሲደውሉ ስልኩን የምታነሳው አክስት ናት፤ ልጅቷ ሁልጊዜ «ሥራ ላይ ናት»።

«ኧረ ይቅርታ ይበሏት ጋሼ!» ብዬ ስንቴ ነዘነዝኳቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ! ይቅርታ ማለት አይሆንላቸውም፤ ልብስ መላክ ነው የሚያውቁት። ብርድ ሊገባ ሲል አንድ፣ ሙቀት ሊገባ ሲል አንድ። ከአሻንጉሊቶቹ ጥግ ላይ የምትቆመው የልጃቸው ልክ ናት፤ ልጅቷ ቤት ሳለችም ልብስ ሲመርጡላት በሷ ነበር የሚለኩት። ለሷ ያለብሱና ወደኋላ ሄድ ብለው ያያሉ፣ ኮሌታውን ያቃናሉ። አንድ ቀን «ወደድሽው?» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቼ ሳልስቅም ሳላለቅስም ቀረሁ። ከዚያ አውልቀው ለኔ ይሰጡኛል፤ ቁልፉን አጠብቄ፣ ተኩሼና ጠቅልዬ የምልከው እኔ ነኝ። «አንዴ መጥታ፣ ለብሳው ባያት፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» ይሉኛል። ለዚህች ቀን ነበር የሚኖሩት።

የዛሬ አራት ዓመት ለዘመድ ሠርግ እዚያ ከተማ ሄጄ፣ መናኸሪያው ውስጥ ልጅቷን አየኋት። አባቷ የላኩላትን ካፖርት ለብሳለች፣ ግን አልዘጋ ብሏታል። ወልዳ ሰውነቷ ሞላ ብሏል፣ ያምርባታልም፤ የካፖርቱ ሁለት ጎን ግን ተኳርፎ መሃሉን በሻርፕ ሸፍናዋለች። በዚያ ንፋስ! እሷ አላየችኝም፤ እኔም አፈርኩና ሰው መሃል ገባሁ። ስመለስ ለአባቷ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። «ወፈረች?» ብለው የሚጀምሩትን አውቃለሁዋ። በሚቀጥለው ጊዜ ለሷ የሚላከው ቀሚስ እጄ ሲገባ የጎኑን ስፌት ፈትቼ የሚለቀቀውን ለቀቅኩ፣ ያልበቃውን ከተመሳሳይ ጨርቅ ቁራጭ አስገባሁበት። ማንም አላዘዘኝም። በዓይኔ እየገመትኩ ስምንት ልብስ እንዲህ አደረግኩ።

ባለፈው ወር አክስቲቱ ደወለች። ልጅቷ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ቤት ሳይሆን ሱቅ።

ጋሽ ወቅቱን ያኔ ባያችኋቸው! ከረባት አራት ጊዜ ቀየሩ። ሰው ጠይቀው የማያውቁት ሰውዬ «ይሄ ይሻላል ወይስ ያ?» አሉኝ።

«የምትመጣው ልጅዎ እንጂ ሚኒስትር አይደለችም» አልኳቸው። ቀጥዬም «በሞቴ ጋሼ፣ ስለ ልብሷ አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ። ደስ ቢልዎትም አይናገሩ» አልኳቸው።

«ልጅ ነኝ እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ።

የስፌቱን ነገር ያኔ ነበር መናገር። ፈራሁ። በሥራቸው ላይ እጄን አስገብቼ አራት ዓመት ሙሉ እንዴት ዝም እንዳልኩ ምን ብዬ ላስረዳ? ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ቅዳሜ ደረሰ።

ረፋዱ ላይ ገባች። በመጨረሻ የላኩላትን አመድማ ካፖርት እስከ አንገቷ ቆልፋ ለብሳዋለች፣ ልክክ ብሎላታል። እኔ የክፍሌ በር ላይ መቀስ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጋሽ ወቅቱ ጫማዋን አላዩም፤ ፊቷን ነው ያዩት። እሰይ፣ አልኩ በሆዴ።

«አባዬ» አለች።

«መጣሽ?» አሉ። ሄዳ አቀፈቻቸው፣ እሳቸውም አቀፏት፣ ዕንባዬ መጣ።

ትከሻቸው ላይ እንደተደፋች «መጀመሪያ የላክኻቸው ይጠቡኝ ነበር» አለች። «ጭራሽ ረስቶኛል፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ አያውቅም ብዬ ተናድጄ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ልክ የሚሆነኝ ቀሚስ መጣ። ሳታየኝ እንዴት አወቅኸኝ? ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስምንቱም አባዬ፣ ስምንቱም ልኬ ናቸው። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

የሳቸው እጅ ጎኗ ላይ ነበር። ጣቶቻቸው ስፌቱ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ሲሉ አየሁ። ትንሽ ወደ ላይ ሄዱ፣ ትንሽ ወደ ታች።

«ይሄን ማን ነካው?» አሉ።

«ምኑን?»

«ጎኑን። ጨርቅ ተጨምሮበታል። እኔ እንዲህ አድርጌ አልላክሁም።»

ዘልዬ መሃል ገባሁና «ጋሼ ራስዎ አይደሉ እንዴ አስፊው ያሉኝ? ረሱት እኮ!» አልኩ። ዓይኔን ብጠቅስ፣ ከንፈሬን ብነክስ፣ ወይ ፍንክች! እኚህ ሰው ለደንበኛ አንድ ቀን ዋሽተው አያውቁም።

«እኔ? መቼ? ይሄ እኮ ጥግ ላይ ባለችው ለክቼው...» አሉና ወደ አሻንጉሊቷ አመለከቱ። አጋማሹ ላይ ምን እንዳሉ ገባቸው መሰለኝ፣ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ልጅቷ አሻንጉሊቷን አየቻት። ቀጭኗን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናትን። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«አንቺ ነሽ የምታሰፊው» አለችኝ፤ ጥያቄ አልነበረም።

«ክፉ አስቤ አይደለም እህቴ፣ መናኸሪያ አይቼሽ...»

«አውቃለሁ። እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ፣ ከልቧ። ወደ አባቷ ዞራ ከረባታቸውን በስሱ ነካች። «ልጄን ለጎረቤት ሰጥቻት ነው የመጣሁት አባዬ፣ አውቶቡሱም እንዳያመልጠኝ። እደውላለሁ።» አላኮረፈችም፣ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ባለ ሁለት ወንበሩ ቤት ለምሳ ተሰናድቶ ይጠብቃት እንደነበር እንኳ አልሰማችም፣ አልነገሯትም።

ጋሽ ወቅቱ ቆመው ቀሩ። ደንበኛ ገባ፣ ደንበኛ ወጣ፣ ቀና አላሉም። ቆይተው ወደ ክፍሌ መጡ።

«ስንት ነው የለቀቅሽላት?»

«እንደ ልብሱ ነው፤ አራት ጣትም፣ አምስትም።»

«ልኳን ንገሪኝ። በትክክል።»

ደሜ ፈላ። በሳቸውም፣ በራሴም። «እኔ በምን አውቃለሁ? ከሩቅ አንድ ቀን አይቼ ገምቼ ነው! አሁን እዚህ ቆማ ነበር እኮ ጋሼ፣ እቅፍዎ ውስጥ! ስፌቱን ከሚለኩ እሷን ቢለኩስ?»

እንዲህ ጮኼባቸው አላውቅም፤ ወዲያው ጸጸተኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ሁለት እጃቸውን ቅድም ሲያቅፏት እንደነበረው አድርገው ዘረጉ፣ ትንሽ ሰፋ አደረጉ፣ ትንሽ ጠበብ።

«ይህን ያህል ትሆናለች» አሉኝ። «ሳልረሳው ቶሎ ለኪው።»

ሜትሬን አንስቼ ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው ዘረጋሁት። እጃቸው አሁንም ትንሽ ሰፋ፣ ትንሽ ጠበብ ስለሚል ቁጥሩ አልያዝ አለኝ።